ትንሿ ወንጌላዊት

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥቼ ተሸልሜያለሁ። ሽልማቱ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ዙሪያውን በዚፕ የሚዘጋ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ስንት ልጅ እንደቀናብኝ! ዛሬ አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያንን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ “ስሚው፣ ያስለቅሳል” ብላ አንድ ስብከት በስልክ ላከችልኝ። ገና “ወገኖቼ” ሲል የልጅነቴን መጋቢ ድምፅ አወቅኩት። አርጅቷል እንጂ አልተለወጠም። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዲት ሕፃን ስላመጣችው ሰው ሲተርክ፣ ሕዝቡም ሲያለቅስና ሲያጨበጭብ ሰማሁ። ሕፃኗ እኔ ነኝ። ከተናገረው ውስጥ ግን እኔ ያየሁት አንድም ነገር የለም።

ያኔ አንቱ ነበር የምለው። ዛሬ አንቱ ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዝናብ ሲጥል ስብከት አይሰማም፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ሙቀቱ ሽማግሌዎቹን ያንጎላጃቸዋል። አንድ እሁድ መጋቢው ሠላሳ አዳዲስ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች አስመጥቶ ከመድረኩ ሥር ደረደራቸውና ማንም እንዳይቀመጥባቸው ከለከለ።

“እነዚህ ወንበሮች ባዶ የሆኑት በእናንተ ምክንያት ነው” አለ ጣቱን እየቀሰረ። “ጎረቤታችሁ ሲጠፋ እያያችሁ ዝም ስላላችሁ ነው! አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር። ከሦስት ወር በኋላ ባዶ ወንበር እዚህ ማየት አልፈልግም።”

አዋቂዎቹ አሜን ብለው፣ በር ላይ ሲደርሱ ረሱት። እኔ ግን የምር ያዝኩት። ወንበሮቹ ባዶ የሆኑት በእኔ ምክንያት ነው ተብያለሁ። በማግስቱ ሰፈሩን አካለልኩት። ዳቦ ቤቷ ሴትዮ “አንቺ ሂጂና ለእኔም ጸልዪልኝ” ብላ ትኩስ ዳቦ ሰጥታ ሸኘችኝ። ፀጉር አስተካካዩ “እሁድ ገበያዬ ነው፤ ጌታ ማክሰኞ አይገኝም?” ብሎ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ወደ አባቴ ጋራዥ ሄድኩ።

አባቴ መካኒክ ነበር። እናቴ በሆስፒታል የአንሶላ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ እሷ እስክትወጣ ድረስ ከትምህርት ቤት በኋላ የምውለው ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ በሩ አጠገብ ጎማ የሚጠግን፣ ከተቀጠረ ጥቂት ወር የሆነው ሰው ነበር። ሁሉም ጎሚስታው ይለዋል። ረጅም ነው፤ ግን ዝቅ ያለ በር ሊያልፍ እንደሚል ሰው ሁልጊዜ ጎንበስ ያለ። ብዙ አያወራም። የጎማውን የውስጥ ላስቲክ ነፍቶ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ውስጥ ያጠልቀዋል፣ እኔ በውሃው ላይ አቀርቅሬ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እፈልጋለሁ።

“እዚህ ጋ!”

“ዓይንሽን አይንሳኝ” ይላል። ያቺን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያደርግባታል።

መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስለው አስቆመኝ። “አንተ በይኝ። እኔ አንቱ የሚያስብል ሥራ አልሠራሁም” አለኝ። ጎማ መጠገን ያን ያህል የሚያሳፍር ሥራ ነው እንዴ ብዬ አዘንኩለት።

ሌላም ነገር አስተውዬ ነበር። መኪና አይነዳም። አንድ ቀን የጋራዡ ባለቤት ቁልፍ ወርውሮለት “ይችን ሁለት እርምጃ ወደፊት አድርጋት” አለው። ጎሚስታው ቁልፉን መዳፉ ላይ ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ የመኪናዋን በር ከፈተ፣ ማርሹን በእጁ ፈታ፣ ዞሮ ከኋላ ትከሻውን አስደገፈና ገፋት። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። አባቴና ሌሎቹ ሥራቸውን ትተው ተመለከቱት፤ አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ “መንዳት ስለማትችል አትፈር። እኔ አስተምርሃለሁ፤ አባዬን እያየሁ ሁሉንም አውቄዋለሁ” አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። “እሺ” አለ። “አስተምሪኝ።”

አሥራ ሰባት ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

የዚያን ዕለት እንባዬን ሲያይ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስለ ወንበሮቹ ነገርኩት። በመጨረሻ “ለምን አንተ አትመጣም?” አልኩ።

“እኔን አያስገቡኝም።”

“የማይገባ ሰው የለም! በር ላይ የሚቆመው እኮ አባቴ ነው።”

እጁን በጨርቅ ጠረገ። የማይለቅ ጥቁረት ነበረው፤ ጠረገው፣ ጠረገው። “እነማን ናቸው እዚያ ያሉት?” አለ።

አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ኪቦርድ የሚመታውን ልጅ፣ ሲጸልዩ የሚያንኮራፉትን ሽማግሌ፣ የደንብ ልብሴን የምትሰፋልኝን እትዬ መርፌን።

“መርፌ?” ብሎ ፈገግ አለ። “ትወጋለች እንዴ?”

“አትወጋም። ደግ ናት።”

“እሺ፣ እሁድ እመጣለሁ” አለኝ።

እትዬ መርፌ እኛ ልጆቹ ያወጣንላት ስም ነው። በእውነተኛ ስሟ ጠርቻት ቢሆን ኖሮ ያ ሰው በዚያ በር ዝር አይልም ነበር። ፍርድ ቤት ውስጥ ሰምቶታል፤ የሚረሳው ስም አይደለም። እኔ ግን ስሟን አላውቀውም ነበር።

እትዬ መርፌ ከእኛ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ትሰፋለች። ወደ ሰፈራችን ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች። ልትለካኝ ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ስታሳርፍ ሁልጊዜ ዕድሜዬን ትጠይቀኛለች። “ዘጠኝ” ስላት “ዘጠኝ” ብላ ትደግመዋለች። ግድግዳዋ ላይ የትንሽ ልጅ ሸሚዝ ተሰቅሎ ነበር። የማን ነው ብያት “ባለቤቱ አልመጣም” አለችኝ። ደንበኛ የተወው መሰለኝ።

ማታ እራት ላይ አንድ ሰው እንዳገኘሁ አበሰርኩ። አባቴ ጉንጬን ቆነጠጠኝ። ማን እንደሆነ ስነግረው ግን ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ቆመ። ከእስር ቤት መውጣቱን ያውቃል፤ ባለጋራዡ አዝኖ ነው የቀጠረው። እናቴ “በምን ነበር የታሰረው?” አለችው። አባቴ ወደ እኔ በግንባሩ አመለከተና መንገዱንና ዓመቱን ብቻ ነገራት። እናቴ ሳህኑን አስቀመጠች።

“የት መንገድ ነው ያልከው?”

ደገመላት።

“በስመአብ” አለች። “የእሷ እኮ ነው። ያ ሰው እኮ እሱ ነው!”

“የማን?” አልኩ።

“ብዪ እህልሽን” አሉኝ ሁለቱም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ወደ መጋቢው ቢሮ ሲሄድ ተከተልኩት። ስለ እኔ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ጥግ ላይ ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው አስቀመጡኝ፤ ልጅ እየሣለ የማይሰማ ይመስላቸዋል።

“የልብስ ሰፊዋን ልጅ የወሰደባት ጎሚስታው ነው” አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ቢቀር ይሻላል ብዬ ነው። ወይም አስቀድመን እንንገራት።”

መጋቢው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። “እሷ ምንም አታውቅም?”

“ኧረ አታውቅም።”

“እሱስ?”

“እሱም አያውቅም።”

መጋቢው ተነሥቶ በመስኮቱ በኩል ተመለከተ። ሲዞር ዓይኖቹ ያበሩ ነበር። “ወንድሜ፣ ይሄ የእግዚአብሔር እጅ ነው! ነገ እንግዳ ሰባኪ ይመጣል፣ የቪዲዮ ሰዎችም አሉ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ለእሷም።”

“መጋቢ፣ ሴትዮዋ እኮ…”

“አንተ በሩን ጠብቅ። መድረኩን ለእኔ ተወው።”

ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ አናቴን ዳበሰኝ። “ትንሿ ወንጌላዊት! ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ?”

የማውቅ መሰለኝ። ወሰደባት ማለት ለእኔ ግልጽ ነበር። የአጎቴን ልጅ አክስቴ ሌላ ከተማ ወስዳ ነው ያሳደገችው፤ እናቱም ስትመጣ “ልጄን ወሰደችብኝ” እያለች ታለቅሳለች። እንግዲያው ጎሚስታው የእትዬ መርፌን ልጅ ወስዶ የሆነ ቦታ አስቀምጦታል። ግድግዳው ላይ ያለው ሸሚዝ ባለቤት አገኘሁለት! እሁድ ዕለት ልጁ ይመለሳል፣ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆን ነው የማይነገራት። እየዘለልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ይከተለኝ ነበር።

እውነቱ ይሄ ነው፦ ከአምስት ዓመት በፊት ጎሚስታው ሁለት ቀን ሳይተኛ ሲሚንቶ ጭኖ ሲመጣ መሪው ላይ አሸለበ። የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት እየተመለሰ ነበር። ሰውየው አልሸሸም፣ አልካደም። አራት ዓመት ታሰረ። እናትየዋ ያንን መንገድ እያየች መኖር ስላልቻለች ሰፈር ለቃ ወደ እኛ መጣች። ይህን ሁሉ ሦስት አዋቂዎች ያውቁ ነበር፤ አባቴ፣ እናቴ፣ መጋቢው። የማያውቁት የሚመለከታቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

እሁድ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አባቴ በር ላይ “እንኳን ደህና መጡ” ይላል፤ ለእኔ ግን ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ጎሚስታው መጣ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን አስተካክሎ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ። ከኋላው ልጅ ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። የለም።

“ብቻህን ነህ?” አልኩት።

“ከማን ጋር ልምጣ?”

ሌላ ሰው ያመጣዋል ማለት ነው አልኩ በልቤ። እጁን ከኪሱ አውጥቼ ይዤ፣ በሰው መካከል አሳልፌ ሰማያዊው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ መርፌ ሁለት ረድፍ ከኋላው፣ ግድግዳው ሥር ነበረች። የምታየው ጀርባውን ነው።

ከዝማሬው በኋላ መጋቢው ማይክሮፎኑን ያዘ። መጀመሪያ እኔን ጠራ። መጽሐፍ ቅዱሱን ሲሰጠኝ ዚፑን ከፍቼ ዘጋሁት። ከዚያ ጎሚስታውን ጠራው። ሰውየው አልተነሣም፤ ሁለት አስተናጋጆች በብብቱ ይዘው አወጡት። ከዚያ “እህታችን፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ነይ ወደዚህ” አለ። እትዬ መርፌ ነጠላ ጫማዋን አስተካክላ ተነሣች። ለጸሎት የተጠራች መስሏት ነበር፤ ወደ መድረኩ ስትወጣ ለእኔ ፈገግ አለችልኝ።

“ወገኖቼ!” አለ መጋቢው። “ከአምስት ዓመት በፊት ይህቺ እናት አንድ ልጇን በመኪና አጣች። ያንን መኪና ይነዳ የነበረው ሰው ዛሬ በመካከላችን ነው!”

ፊቷን ዞር አድርጋ አየችው። እሱም ያኔ ነው ያያት። እንደዚያ ዓይነት ነገር ሰው ፊት ላይ ዳግመኛ አላየሁም። መጋቢው ግን የሚያየው ካሜራውን ነበር። የአንዳቸውን እጅ አንሥቶ የሌላኛቸው እጅ ላይ ጫነው፤ በራሱ መዳፍም ከላይ ያዘው።

“በይው እህቴ። ይቅር ብዬሃለሁ በይው።”

ማይክሮፎኑ አፏ ላይ ነው። በድምጽ ማጉያው የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ። እዚያው ተንበረከከች፤ እሱም አብሯት ወደቀ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። “በይው! በይው!” ይላሉ ከኋላ። እኔ ያየሁት ደስታ ነው። ደስ ሲለው የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዳለ ሰምቼ ነበር። ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነው፤ ልጁ አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል እያልኩ።

ዝምታው ሲረዝምበት መጋቢው ማይክሮፎኑን ወደ እኔ አዞረ። “ትንሿ ወንጌላዊትስ ምን ትላለች?”

እኔም ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። ወደ ጎሚስታው ዞሬ፣ ጮክ ብዬ፣ “ልጇን መቼ ነው የምትመልስላት?” አልኩት።

ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወፍ ስትራመድ ተሰማ። 

ጸጥታው የቆየው አንድ አፍታ ነው። በዚያች አፍታ ውስጥ መጋቢው ማፈር ይችል ነበር። እጁን አንሥቶ “ይቅር በሉኝ” ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ማይክሮፎኑን ነጠቀኝና “ሃሌሉያ! በሰማይ ይመልስላታል! በሰማይ!” ብሎ ጮኸ። ለኪቦርዱ ልጅ በዓይኑ ጠቀሰው፣ ሙዚቃው ጀመረ፣ ሕዝቡ ተነሣ። ሰው ከየወንበሩ እየወጣ ወደ መድረኩ ይጎርፋል፤ እንግዳው ሰባኪ እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል።

እትዬ መርፌ እጇን መንጭቃ አስለቀቀችና ወረደች። ሕዝቡን እየገፋች በመካከለኛው መንገድ ወደ በሩ ሄደች። መጋቢው በማይክሮፎን “አትውጣ! መንፈስ እየሠራ ነው፣ በሩን ዝጉት!” አለ። አባቴ በሩን ዘጋ።

ዘጋው። ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ። ልቧ ሲረጋጋ እንድትሄድ፣ እንዲያጽናናት ነው ብዬ አሰብኩ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ በሙዚቃው ምክንያት አይሰማም። ሦስት ጊዜ ነው ያለችው፣ ቆጥሬዋለሁ። “ክፈትልኝ” ነበር የምትለው። እናቴ ናት ከወንበሯ ተነሥታ የሄደችው። የአባቴን ክንድ ይዛ እንደ መጋረጃ ወደ ጎን አደረገችውና በሩን ከፈተች። ሁለቱ ሴቶች ወጡ። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ያ በር ውስጥ አልገባችም።

ጎሚስታው መድረኩ ላይ ተንበርክኮ ቀረ። እየመጡ ያቅፉታል፣ ራሱ ላይ እጅ ይጭናሉ፣ እሱ እንደ እንጨት ነው። በኋላ ተነሥቶ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። አንድ ነገር ሊለኝ ዝቅ አለ። ልጁን አላመጣም። ሴትዮዋን አስለቅሶ፣ እኔን አሳፍሮ፣ ባዶ እጁን ነው የመጣው። ቀድሜው “ውሸታም!” አልኩት።

ቀና አለና “ልክ ነሽ” ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ ጋራዥ ስደርስ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ አልተቀየረም። የጋራዡ ባለቤት “ልብሱን ብቻ ይዞ ሄደ” አለኝ። እሰይ አልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ሰው እንደ ሌባ ጠላሁት።

እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ አሥራ አራት ዓመቴ ላይ፣ አንሶላ አብረን ስናጥፍ። እኔ ነኝ ወሬውን የጀመርኩት። “ያ ጎሚስታ ልጁን ሳይመልስ ቀረ አይደል?” አልኳት። የአንሶላውን ጫፍ ለቀቀችው።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ልጇን ወስዶባት አልነበር?”

“ወሰደባት ማለት እኮ…” ብላ አፏን በእጇ ያዘች። “አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነበር የመሰለሽ?”

ስትነግረኝ ጨርሶ አላለቀስኩም። ወደ አባቴ ሄድኩ። ከመኪና ሥር ተኝቶ ነበር፤ በእግሬ ጫማውን መታሁት። ወጥቶ ቀና ሲል “ለምን ዘጋህባት?” አልኩት። ምን እንደምል ወዲያው ገባው፤ አምስት ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ነገር ነበር ማለት ነው።

“ዝጋ ተባልኩ” አለ። “ታዛዥ ነኝ እንጂ እኔ…”

“ሦስት ጊዜ እኮ ለመነችህ!”

ቁልፍ መፍቻውን እያገላበጠ መሬት መሬቱን አየ። ተቆጥቶ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ እስኪሞት ድረስ ጥሩ ሰው ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ክፉ ሰው በር ቢዘጋ ማን ይደነቃል?

ከዚያ በኋላ እኔም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ባለፈው ወር ያንን ስብከት እስክሰማ ድረስ ጉዳዩ የተቀበረ መስሎኝ ነበር። በእሱ ትረካ ውስጥ እናትየዋ ሮጣ ሰውየውን ታቅፈዋለች፣ “ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አንተ ነህ” ትለዋለች። ሕፃኗ ደግሞ ማይክሮፎን ይዛ “ጌታ ልጅሽን ይመልስልሻል” ትላለች። እኔ! ቃሌን እንኳ ቀምቶኛል።

እትዬ መርፌን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በሌላ ሰፈር፣ ያው ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ትሰፋ ነበር። ማን መሆኔን ስነግራት የስፌት መኪናዋን አቆመች። አፌን የያዘው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ አላወቅኩም ነበር፣ ይቅር በዪኝ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያንን የጠየቅኩት። አንቺ እያልኳት እንደነበረ እንኳ አላስተዋልኩም። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

“ሻይ ትጠጫለሽ?” አለች።

ሻይ እየጠጣን ነገረችኝ። ጎሚስታው ከዚያ እሁድ በኋላ አንድ ቀን ከሱቋ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ መጥቶ ቆመ። አልተሻገረም። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቆሞ ዋለ። ወጥታ “ምን ፈለግህ?” አለችው። “ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደነበርሽ አላውቅም ነበር። ይህን እንድታውቂ ብቻ ነው” አላት።

“አመንኩት” አለች። “ሂድ አልኩት፣ ሄደ። ወሬውንም አልሰማሁም።”

“ታዲያ ይቅር አልሽው?”

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። “አንቺም ትጠይቂኛለሽ?”

ፊቴ ጋለ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ የተዘረጋውን ጨርቅ በመዳፏ እየዳበሰች ቀጠለች። “ይቅርታዬ የራሴ ነበር። ምናልባት አንድ ቀን፣ በራሴ ጊዜ፣ በሬን ዘግቼ፣ እኔና ፈጣሪዬ ብቻ ሆነን የምጨርሰው ነገር ነበር። መጋቢው ሊያሳጭድ የመጣው ገና ያልበቀለውን ነው። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት አልጸለይኩም። ኋላ እዚህ ሰፈር አንድ ትንሽ ጉባኤ አለ፣ ከበሩ ጋ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት ማን ነሽ ሳትለኝ ጠጋ አለችልኝ፣ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ እዚያ ነኝ። ማንም ምስክርነት ስጪ ብሎኝ አያውቅም።”

“የእኔ ጥያቄ ግን…” አልኩ። “ከመጋቢው የባሰ የእኔ ነው የሚያቃጥለኝ።”

“የቱ?”

“ልጇን መቼ ነው የምትመልስላት ያልኩት።”

መነጽሯን አወለቀች። “ያን ቀን ስለ እኔ አወሩ፣ ስለ እሱ አወሩ፣ ስለ ይቅርታ፣ ስለ ሰማይ አወሩ። አንድ ሺህ ሰው ነበር። ስለ ልጄ የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንቺ።”

ከዚያ ስለ ልጁ ነገረችኝ። የቀኙንና የግራውን ጫማ ሁልጊዜ አዛውሮ እንደሚያደርግ፣ ቁጥር ሲቆጥር አሥራ አምስትን እንደሚዘል፣ ውሻ እንደሚፈራ ግን እንዳይታወቅበት ሲል እያፏጨ እንደሚያልፍ። ስሙንም ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

በሳምንቱ መጋቢው ቢሮ ሄድኩ። አሁን የመስታወት ጠረጴዛ፣ ቆዳ ወንበር፣ ጸሐፊ አለው። ማን መሆኔን ስነግረው ክንዱን ዘርግቶ ተነሣ። “ትንሿ ወንጌላዊት! ጌታ ይመስገን! ይኸው ታሪክሽን ዓለም ሁሉ እየሰማው ነው። በዚያ ቀን ስንት ነፍስ እንደዳነ ታውቂያለሽ? አርባ ሦስት!”

“እሷ ግን አላቀፈችውም” አልኩት። ፊት ለፊት አንቱ ነው ያልኩት፤ ያሳደገችኝ እናቴ ናትና። “በሩን አስዘግተውባት ነው የወጣችው። እርስዎም ያውቃሉ።”

እጁን አወናጨፈ። “ልጄ፣ ዝርዝሩን ተይው። ፍሬውን ተመልከች። ሰው እኮ በታሪኩ ይጽናናል።”

“ልጁ ማን ነበር ስሙ?”

“የቱ ልጅ?”

“የሞተው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰበኩበት።”

ጣሪያውን አየ፣ ግንባሩን አሸ፣ ሳቅ ብሎ “እርጅና እኮ ነው” አለ።

“እርጅና አይደለም። ያኔም አያውቁትም ነበር።”

አቀረቀረ፤ ያፈረ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከኪሱ ብዕር አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው ማስታወሻ አንድ ገጽ ገለጠ። “ጥሩ ነው፣ ንገሪኝ” አለ። “ስም ሲጨመርበት ታሪኩ ይበልጥ ልብ ይነካል። በሚቀጥለው እሁድ በስሙ እጠራዋለሁ።”

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ተደግኗል። 

“አልነግርዎትም” አልኩት፤ በሩንም ወለል አድርጌ ከፍቼው ወጣሁ።